ራሳችሁ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል

በጥር ወር አንድ ምሽት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የእህቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ደውሎ «አጎቴ፣ ሞቷል» አለኝ። ማን እንደሞተ እስኪነግረኝ ድረስ በቆምኩበት ቀረሁ። የሞተው ኮምፒውተሩ ነው። ሰባት ወር ያህል ዕቃውን አንድ በአንድ ከአዲስ አበባ ሲያስመጣ ቆይቶ፣ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጦ ገጣጥሞ ጨረሰ፤ ቁልፉን ተጫነ፤ ምንም። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ።

«ማዘርቦርዱ ነው የተበላሸው። ነገ ጠዋት ተሳፍሬ ሄጄ እመልሰዋለሁ።»

«ማዘርቦርዱ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ሌላ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ማዘርቦርድ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ነው፤ ያለ ማስረጃ የሚወነጀልም እርሱ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ የሰው ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገጣጥሞ አልነሳ ካለ ማሽን ውስጥ በእርግጥ የተቃጠለ ዕቃ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እስከ መጨረሻ ያልገባ ገመድ፣ ቦታው ባልሆነ ፒን (ሽቦ የሚሰካበት ቀጭን የብረት እሾህ) ላይ የተሰካ ሽቦ፣ ወይም ቦታው ባልሆነ ቦታ የቀረ ብሎን ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጤነኛ ማዘርቦርድ ይዞ ያንን መንገድ ለሄደ ሰው ሻጩ ዓይኑ እያየ ሰክቶ ያስነሳለትና «ይኸው ይሠራል» ብሎ ይመልስለታል። ቀኑም የመኪናው ገንዘብም ይጠፋል፤ ችግሩ ግን ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ቅደም ተከተል ዓላማው አንድ ነው፦ የትኛውንም ዕቃ «ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት ዕቃው ራሱ እንዲመሰክር ማድረግ።

«አልበራም» አራት ዓይነት ነው

ሰው ሁሉ «አልበራም» ይላል። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ግን አራት የተለያዩ በሽታዎች አሉ፤ የቱ እንደያዛችሁ ሳትለዩ ብሎን አትፍቱ።

የመጀመሪያው ፍጹም ዝምታ ነው። ቁልፉ ሲጫን አንዲት መብራት አትበራም፣ አንድ ፋን አይንቀሳቀስም። ኃይሉ አልደረሰም፣ ወይም «ተነሳ» የሚለው ትእዛዝ አልደረሰም፣ ወይም የሆነ ቦታ ኮንታክት አለ (መነካካት የሌለባቸው ነገሮች ተነካክተዋል) ማለት ነው። ሁለተኛው ፋኑ ለአንድ ሰከንድ ያህል እንቅስቅስ ብሎ ቀጥ ሲል ነው፤ ይህ ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን ኃይል ተቀብሎ ለዕቃዎቹ የሚያድለው) አደጋ አይቶ ራሱን መዝጋቱን ይናገራል፣ ስለዚህ ኮንታክት ፈልጉ። ሦስተኛው ፋኑ እየዞረ ምስል ሲጠፋ ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ቢሆንም ከሁሉም የሚሻለው እርሱ ነው፤ ኃይሉ ደርሷል፣ የቀረው ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን)፣ ፕሮሰሰሩን (የማሽኑን አንጎል) እና የምስሉን መንገድ መፈተሽ ነው። አራተኛው እየተነሳ እየጠፋ የሚመላለስ ነው። በዚህኛው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ራሙ ዲዲአር 5 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ማዘርቦርዱ በመጀመሪያው ቀን ራሙን «ሲለማመድ» በርካታ ደቂቃ ሊፈጅ፣ በመሃሉም ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል። ገመዱን ነቅላችሁ ከማቋረጣችሁ በፊት ቡና አፍሉና ጠብቁት።

የእህቴ ልጅ ማሽን የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ፍጹም ዝም።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ከነቀላችሁ በኋላ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ በውስጡ የቀረው ኃይል ይፈስሳል። ፓወር ሰፕላዩን ግን፣ ተነቅሎም ቢሆን፣ ፈጽሞ አትክፈቱ። በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኃይል አጠራቃሚዎች) ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ማንም ሰው በስልክ «ክፈተውና እየው» ቢላችሁ ስልኩን ዝጉበት።

ቀጥዬ «የት ላይ ነው የገጣጠምከው?» አልኩት።

«ዝተቱ ላይ።»

«ሹራብህንስ አውልቀሃል?»

«በዚህ ብርድ?»

እንግዲህ የመንዝ ዝተት ለመኝታ እንጂ ለማዘርቦርድ አይሆንም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋው ወራት ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ደረቅ አየርና ሱፍ ሲገናኙ ሰውነታችሁ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይሸከማል። ሹራብ ስታወልቁ ጨለማ ውስጥ ትር ትር እያለ የሚያበራው ያው ነው። ፍንጣሪው ሰውነታችሁ ላይ የሚታወቃችሁ ከ3,000 ቮልት አካባቢ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ስስ የሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ሊጎዱ ይችላሉ፣ ሳይታወቃችሁ ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች የእኔ ጠላቶች ሙቀትና አቧራ ናቸው፤ ጣርማ በርን ወጥቼ ደጋ ስሠራ ግን መጀመሪያ የማወልቀው ሹራቤን ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባዶ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሥሩ፣ ከላይ ጥጥ ልበሱ፣ ምንጣፍና ሱፍ ከእግራችሁ ሥር ይነሳ። ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት ሁልጊዜ ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን (ዕቃዎቹ የሚገጠሙበትን ሣጥን) ብረት ንኩ። በአንድ እጃችሁ ኬዙን ይዛችሁ በሌላው ብትሠሩ ደግሞ ይበልጣል።

ስለ ብርድ ካነሳሁ አይቀር፦ ዕቃው ሌሊት ውርጭ ሲመታው ከቆየ፣ ወይም በብርድ ተጉዞ መጥቶ ድስት ወደሚፈላበት ሞቃት ክፍል ከገባ፣ የቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ይቋጥራል። በካርቶኑ እንዳለ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ ክፈቱት።

ከግድግዳው ጀምሩ

«ሶኬቱ ይሠራል፤ ስልኬን ቻርጅ አድርጌበታለሁ» አለኝ። ጥሩ ነው፤ ግን ያ የሚያረጋግጠው ትንሽ ነገር ነው። የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ባለው መካከል ሁሉ ይሠራል። መስመሩ ከ220 ወደ 150 ወርዶ ቢሆን ስልኩ ምንም ሳይመስለው ይሞላል፤ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ግን አልነሳም ሊል ይችላል። በተለይ ከአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤት የሚጠቀምበት ግቢ ከሆነ፣ ጎረቤት ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በለኮሰ ቁጥር መስመሩ ይወድቃል። «ኮምፒውተሬ ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ» ያለኝ ደንበኛ ነበር፤ ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ቮልቱን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩ፤ መልቲሜትር ከሌላችሁ ምጣድ በማይጣድበት ሰዓት ደግማችሁ ሞክሩ።

ማከፋፈያውን አውጡና ስፒናውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩ። ከሞኒተሩ ጀርባ ያለው የኃይል ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሞኒተሩ የሚበራ ከሆነ ገመዱን አምጥታችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ሞክሩት። ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ስንት ሰው ከጉዞ አድናለች።

ቀጥሎ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ እዩ። ቀጥ ያለችው መስመር ስትጫን በርቷል፣ ክቧ ስትጫን ጠፍቷል። አትሳቁ፤ እኔ ራሴ ግማሽ ሰዓት ፈትሼ በመጨረሻ ያቺ ማብሪያ ሆና አግኝቻታለሁ። አሮጌ ወይም ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ላይ ደግሞ 115 እና 230 የተጻፈበት ቀይ መቀየሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። 115 ላይ ሆኖ በእኛ መስመር ከተሰካ ጧ ብሎ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚረዳችሁ መመሪያ የለም።

ኬዙን ስትነኩ ጣታችሁን የሚነዝር ነገር ከተሰማችሁ አትደንግጡ፣ ነገር ግን አትናቁት። በብዙ ቤት ሶኬቱ የመሬት ሽቦ መያዣ ቢኖረውም ሽቦው መሬት ጋር አልተገናኘም። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያለው ማጣሪያ እጅግ ጥቂት ኃይል ወደ ኬዙ ብረት ያሳልፋል፤ መሄጃው መሬት ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ በእናንተ በኩል ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ቤቱ መሬት የለውም ማለት ነው። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ አስተክሉ፤ እስከዚያው በባዶ እግር አትንኩት። ውጋቱ ጠንከር ያለ ከሆነ ግን ማሽኑን ነቅላችሁ ተዉት።

ቁልፉን አትመኑት

ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም ዝም ካለ፣ ተጠርጣሪው የኬዙ ማብሪያ ነው። ከኬዙ ፊት ለፊት የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ማዘርቦርዱ ታች፣ ብዙውን ጊዜ ቀኝ ጥግ፣ በሁለት ረድፍ የቆሙ ዘጠኝ ፒኖች ላይ ይሰካሉ። ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስተው ይህ ቦታ ነው፤ ጽሑፉ ከጤፍ ያነሰ፣ ቦታውም ጨለማ ነው። በአብዛኞቹ ቦርዶች አንዱ ረድፍ አምስት ፒን፣ ሌላው አራት ፒንና አንድ ባዶ ቦታ አለው። የማብሪያው ሽቦ የሚሰካው አራት ፒን ባለው ረድፍ ላይ፣ ከባዶው ቦታ አጠገብ ባሉት ሁለት ፒኖች ነው። ከቦርዱ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አውጡና ሥዕሉን አመሳክሩ፤ የተለየ ቦርድ አይጠፋም። የማብሪያ ሽቦ ግራና ቀኝ የለውም፣ ቢገለበጥም ይሠራል። የመብራቶቹ ሽቦ ግን ከተገለበጠ መብራቷ አትበራም፣ ሌላ ጉዳት የለውም።

አሁን ቁልፉን ራሱን ከጨዋታ አውጡት። ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰኩ፣ የፓወር ሰፕላዩን ማብሪያ አብሩ፣ የማብሪያውን ሽቦ ከሁለቱ ፒኖች ላይ አንሱና በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ ሁለቱን ፒኖች ለአንድ ሰከንድ አገናኟቸው። ቁልፉ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ኃይሉም ዝቅተኛ ስለሆነ አያሠጋም። ሌላ ፒን ግን አትንኩ። ማሽኑ ከተነሳ ጥፋቱ የኬዙ ቁልፍ ነበር። አዲስ ኬዝ ለመግዛት አትሩጡ፤ የዳግም ማስነሻውን ቁልፍ ሽቦ አምጥታችሁ በማብሪያው ፒን ላይ ሰኩት፤ ከዛሬ ጀምሮ በእርሱ ታበራላችሁ።

የእህቴ ልጅ እጁ እየተንቀጠቀጠ አገናኛቸው። ዝም።

ሁለቱ የኃይል ገመዶች

ማዘርቦርድ በአንድ ገመድ አይኖርም። 24 ፒን ያለው ሰፊው ገመድ በስተቀኝ ጠርዝ ይሰካል። ከእርሱ ሌላ ለፕሮሰሰሩ ብቻ የሚሆን ስምንት ፒን፣ በአነስተኛ ቦርድ አራት ፒን፣ ከላይ በግራ ጥግ አለ። ይህ ሁለተኛው ከማቀዝቀዣው ጀርባ ስለሚደበቅ ይረሳል። ያለ እርሱ አንዳንዱ ቦርድ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ፋኑን እያዞረ ምስል አይሰጥም። ሁለቱንም ንቀሉና እንደገና ስኩ፤ ማያያዣው ቋ ብሎ ሲይዝ መስማት አለባችሁ። 24 ፒኑ አዲስ ሲሆን በጣም ጠንካራ ነው፤ ብዙ ሰው ቦርዱ እንዳይሰበር ፈርቶ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይተወዋል። ቦርዱን ከሥር በእጃችሁ ደግፉና ግፉ።

ለግራፊክስ ካርድ (ምስል ለሚያወጣው ተጨማሪ ካርድ) የሚሆነው ገመድም ስምንት ፒን ነው፤ ነገር ግን ለፕሮሰሰሩ የሚሆነው ሲከፈል አራትና አራት ይሆናል፣ የግራፊክሱ ደግሞ ስድስትና ሁለት። የሁለቱ ሽቦ አሰላለፍ ተቃራኒ ነው። አልገባም ካለ ቦታው አይደለምና አታስገድዱት።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናገር። ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚነቀልበት ዓይነት አለ። ከዓመታት በፊት አንድ ገመድ አጠረኝና ከሌላ ኩባንያ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ገመድ ስቤ ሰካሁ። ልክክ ብሎ ገባ። ሳስነሳው የደንበኛዬ ሃርድ ዲስክ ጭስ አወጣ፤ ከነሰነዱ ሄደ። በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ በሁሉም ኩባንያ አንድ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን ኩባንያው እንደፈለገ የሚደረድረው ነው። ገመድ ከካርቶኑ ጋር ከመጣው ውጭ አትጠቀሙ። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙም ገመዱ የራሱ መሆኑን ጠይቁ።

ከኬዙ አውጡት

እስካሁን ያለው ሁሉ ካልረዳ፣ ሰው የሚሸሸውን ሥራ መሥራት ነው፤ ሁሉንም ፈትቶ ከኬዙ ማውጣት። ሁለት ሰዓት የፈጀ ሥራ ማፍረስ ልብ ይሰብራል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከሁሉም በላይ የሚናገረው ፈተና ይህ ነው።

የማዘርቦርዱን ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ቦርዱን ከላዩ አስቀምጡ። ቦርዱ ታሽጎ በመጣበት ብርማ ከረጢት ላይ ግን አታስቀምጡት፤ የከረጢቱ ገጽ በጥቂቱ ኃይል ያሳልፋል። ሃርድ ዲስክ፣ የኬዝ ፋን፣ ዩኤስቢ፣ ሁሉም ይቅር። የሚቀረው ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ ሁለቱ የኃይል ገመዶችና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ የራሱ ምስል ማውጫ ከሌለው ግራፊክስ ካርዱም ይጨመር። አንዱን ራም ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ አድርጉ፤ አራት ቀዳዳ ባላቸው ቦርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው እርሱ ነው። ከዚያ እንደ ቅድሙ በካቻቢቴ ሁለቱን ፒኖች አገናኙ።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ይከፈላል። ካርቶኑ ላይ ከተነሳ፣ ዕቃዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ወንጀለኛው ኬዙ ውስጥ ነው። ካልተነሳ ጥርጣሬው ወደ አራት ዕቃ ጠበበ፤ ፓወር ሰፕላይ፣ ቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ሲፈታ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀበት። ከአምስት ሰዓት ሌሊት ጥቂት ሲያልፍ በስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የፋን ድምፅ፣ ቀጥሎ የልጁ ጩኸት፣ ቀጥሎ «ሰው ተኝቷል!» የሚል የእህቴ ተግሣጽ ሰማሁ። ተነሳ።

«እንግዲህ ባዶውን ኬዝ በባትሪ አብራና የናስ እግሮቹን ቁጠር» አልኩት።

ቦርዱን ከኬዙ ቆርቆሮ የሚያርቁ፣ ብሎን የሚታሰርባቸው ትንንሽ የናስ እግሮች አሉ። ከቦርዱ ቀዳዳ ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለባቸው። ትልቁ የኤቲኤክስ ቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ቀዳዳ አለው። ትንሹ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244 ስለሆነ ቀዳዳዎቹ ያነሱና ቦታቸውም የተለየ ነው። ኬዙ ከፋብሪካ ለትልቁ ቦርድ ተዘጋጅቶ እግሮቹ ተተክለው ሊመጡ ይችላሉ። ትንሽ ቦርድ ሲገጠም ቀዳዳ የሌለው ቦታ ላይ የቀረችው እግር የቦርዱን ጀርባ ትወጋለች፤ እዚያ ያለው የብየዳ ነጥብ ሁሉ ደግሞ ባዶ ነው። ኮንታክት ማለት ይኸው። በተቃራኒው እግር ሳይተክሉ ቦርዱን በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ያሰሩ ሰዎችም አጋጥመውኛል።

ቦርዱ ስምንት ቀዳዳ ነበረው። ኬዙ ውስጥ ዘጠኝ እግር ቆሟል። ዘጠነኛዋን በፒንሳ ፈትቶ አወጣት። እድለኛ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ቶሎ ራሱን ስለዘጋ ምንም አልተቃጠለም።

እናንተም እንደዚሁ ካርቶኑ ላይ ከተነሳላችሁ እግሮቹን ብቻ ሳይሆን ከቦርዱ ሥር ተንከባሎ የገባ ብሎን፣ የኋላው የቆርቆሮ ጋሻ ወደ ዩኤስቢ ቀዳዳ የገባ ምላስ፣ በብሎን የተቆነጠጠ ሽቦም ፈልጉ። ከዚያ ዕቃውን ወደ ኬዙ ስትመልሱ አንድ በጨመራችሁ ቁጥር አንድ ጊዜ አስነሱ። ሁሉንም ገጥሞ በመጨረሻ መሞከር ወደ ዜሮ ይመልሳል።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው መጠየቅ

ካርቶኑ ላይም ዝም ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ገመዶቹን ሁሉ ከቦርዱም ከሌላውም ዕቃ ንቀሉ። ወረቀት የሚያያዝበትን ቀጭን ሽቦ እንደ ዩ አጥፉና፣ ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው ተነቅሎ ሳለ፣ በ24 ፒኑ ገመድ ላይ አንዱን ጫፍ አረንጓዴው ሽቦ ያለበት ቀዳዳ፣ ሌላውን አጠገቡ ካሉት ጥቁሮች አንዱ ውስጥ ክተቱ። አረንጓዴው አንድ ብቻ ነው፤ 16ኛው ፒን ይባላል። እጃችሁን አንሱና ሰኩ፣ አብሩ። ፋኑ ከዞረ ፓወር ሰፕላዩ ትእዛዝ ይሰማል። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር የሆኑበት ዓይነት ከሆነ በግምት አትክተቱ፤ የፒኖቹን ሥዕል ከመጽሐፉ አውጡ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ሥራ ሳይበዛበት ፋኑን አያዞርም፤ ስለዚህ አለመዞሩ ብቻ ሞቱን አያስረዳም። መዞሩም ቢሆን ሙሉ ጤንነቱን አያረጋግጥም፣ ባዶውን ቆሞ ሸክም ሲደረግበት የሚወድቅ አለና። መልቲሜትር ያለው ሰው ካገኛችሁ የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ከጥቁር ሽቦ ጋር አድርጎ ይለካላችሁ፦ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 መሆን አለበት። ሐምራዊው ደግሞ ማሽኑ ባይነሳም እንኳ፣ ገመዱ ተሰክቶ የኋላው ማብሪያ እስከበራ ድረስ 5 ቮልት መስጠት አለበት። እርሱ ከሌለ ፓወር ሰፕላዩ አበቃለት፤ ያለጥርጥር መልሱት።

ፋኑ ይዞራል፣ ምስል የለም

የሞኒተሩ ገመድ የት ነው የተሰካው? ግራፊክስ ካርድ ካለ ገመዱ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይሰካም። የኢንቴል ፕሮሰሰር ስሙ በ«ኤፍ» ፊደል ካበቃ የራሱ ምስል የለውም፤ የኤኤምዲ ኩባንያው ራይዘን 5 5600ም እንዲሁ የለውም፣ 5600ጂ ግን አለው። ያለ ካርድ 5600 ገዝቶ ሦስት ቀን ምስል የጠበቀ ልጅ አውቃለሁ።

ቀጥሎ ራሙ። አውጡት፣ የወርቅ ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ በቀስታ አሹ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ መልሳችሁ በሁለቱም ጫፍ ቋ እስኪል ግፉት። አንዱን ራም ብቻ አድርጋችሁ በየቀዳዳው አዟዙሩ፤ ከዚያ ሌላውን። በብዙ አዳዲስ ቦርዶች ላይ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለዲስክ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ በርታ የቀረችው ቦርዱ የቆመበትን ቦታ ትነግራችኋለች።

ፕሮሰሰሩና ቦርዱ ላይጣጣሙም ይችላሉ፤ ቀዳዳው ቢገጥምም ማለት ነው። ቢ450 ቦርድ ላይ ራይዘን 5000 ትውልድ ለማስነሳት፣ ወይም ቢ660 ላይ የኢንቴል 13ኛ ትውልድ ለማስነሳት፣ ባዮሱ (ቦርዱ ውስጥ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም) የታደሰ መሆን አለበት። ቦርዱ መጋዘን ውስጥ የቆየ ከሆነ ሻጩ እንዲያድስላችሁ ጠይቁ። ያገለገለ ቦርድ ከሆነ ደግሞ ገመዱን ነቅላችሁ ሳንቲም የምታክለውን ሲአር 2032 ባትሪ ለአምስት ደቂቃ አውጡ፤ የቀድሞው ባለቤት የተወው ቅንብር ይጠፋል። አዲሷ 3 ቮልት ናት፤ ዋጋዋም ጥቂት ስለሆነ በአዲስ ቀይሯት።

የመጨረሻው ፕሮሰሰሩን ማንሳት ነው። ኤኤም 4 በሚባለው የኤኤምዲ ዓይነት ፒኖቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፤ የታጠፈ ካለ በቀጭን መርፌ በትዕግሥት ማቅናት ይቻላል። ማቀዝቀዣውን ስታነሱም ቀጥ አድርጋችሁ ከመሳብ ይልቅ እያወዛወዛችሁ አንሱ፤ አለዚያ ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ ከነፒኑ ይነቀላል። በኢንቴል ግን ፒኖቹ ቦርዱ ላይ ናቸው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ የታጠፈ ካያችሁ ራሳችሁ አትንኩት፣ ፎቶ አንሱት።

መሄድ ግድ ከሆነ

ጥፋተኛውን ከያዛችሁ በኋላ ብቻ ተሳፈሩ። የሞከራችሁትን በወረቀት ጻፉ፤ «በአንድ ራም፣ ከኬዝ ውጭ፣ በሌላ ፓወር ሰፕላይ ሞከርኩት» የሚል ደንበኛን ሻጭ በቀላሉ አይመልሰውም። ቦርዱ ዝም ሲል ቪዲዮ ቅረጹ። ደረሰኙንና ካርቶኑን ያዙ። የሚሄደው ቦርዱ ቢሆንም ፕሮሰሰሩንና አንድ ራም አብራችሁ ውሰዱ፤ እዚያው ፊት ለፊታችሁ ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ነው። ሙሉውን ኮምፒውተር የምትወስዱ ከሆነ ግን ከባዱን ማቀዝቀዣና ግራፊክስ ካርዱን አስቀድማችሁ ፍቱ፤ በመንገዱ መንገጫገጭ ተንጠልጥለው ቦርዱን ይሰነጥቁታል። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አታስጭኑት፤ እግራችሁ ሥር ይሁን፣ ካልሆነም ጭናችሁ ላይ።

የእህቴ ልጅ ያችን ዘጠነኛ እግር የቁልፍ መያዣው ላይ አንጠልጥሏታል። ባለፈው ከጫጫ አንድ ጓደኛው ደውሎለት «ማዘርቦርዴ ሞቷል» ሲለው ሰምቼዋለሁ። «በምን አወቅህ?» አለው።